ከወጀብ በኋላ የወደቀ ዛፍና ፍርስራሽ ማንሳት፦ ለጎንደር ግቢና ሰፈር ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ላይ ዛፍ የሚጥለው ንፋስ ብቻ አይደለም። ክረምቱ ሲገፋ መሬቱ ውኃ ይጠግባል፤ ሥሩን የያዘው አፈር ይላላል፤ ያኔ መካከለኛ ወጀብ እንኳ ትልቁን ባሕር ዛፍ ከነሥሩ ገንድሶ ይጥለዋል። ወደ አዘዞና ወደ ደንቢያ ሜዳ ሲወረድ ደግሞ ዋልካው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ጨርሶ ስለሚላላ ነገሩ ይብሳል። በግንቦት መሬቱ ገና ደረቅ ሳለ የሚመጣው ወጀብ ግን ዛፉን ከመንቀል ይልቅ ከወገቡ ይሰብረዋል። ልዩነቱን ከመጀመሪያው ማየት ያስፈልጋል፤ የተነቀለና የተሰበረ ዛፍ አቆራረጣቸውም፣ የሚያመጡት አደጋም ይለያያል።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ዛፉ ሲወድቅ ሳይሆን በማግስቱ ነው። ማገዶው እንዳይወሰድበት የቸኮለ፣ መንገዱን ቶሎ ልክፈት ያለ ሰው ፋሱን አንሥቶ ግንዱ ላይ ይወጣል። ሥራው ግን ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ የመብራት ሽቦ፣ ቀጥሎ የውኃ መውረጃ፣ ከዚያ ቅርንጫፍ፣ ግንዱ መጨረሻ።

ከመንካት በፊት

ወጀቡ ሌሊት ከመታ እስኪነጋ ድረስ ምንም አትንኩ። ሲነጋም ወደ ዛፉ ከመጠጋታችሁ በፊት ከሩቅ ዙሩትና ወደ ላይ ተመልከቱ። የመብራት ሽቦ ዛፉን ነክቶ ወይም መሬት ላይ ወድቆ ካያችሁ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፤ መሬቱ ውኃ ካቆረ ደግሞ ከዚያም በላይ። በ905 ደውላችሁ አሳውቁ፤ ባለሙያ እስኪደርስም ሁለት ሰው በሁለት አቅጣጫ ቆሞ ልጆችንና ከብቶችን ይመልስ።

ሰፈሩ መብራት ስለሌለው ሽቦው አይጎዳም ብላችሁ አትመኑ። መብራቱ በየትኛውም ደቂቃ ሊመለስ ይችላል፤ የጎረቤት ጄኔሬተር በስሕተት ወደ መስመሩ ከገባም ሽቦው ይገድላል። ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ የቆርቆሮ አጥር ነው። ሽቦው አጥሩን አንድ ቦታ ላይ ከነካ አጥሩ እስከሚያበቃበት ድረስ ሙሉው ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል፤ ሽቦው ከወደቀበት ቦታ ሦስት ግቢ ርቆ በሩን የሚከፍት ሰው ሊመታ ይችላል ማለት ነው። ሳታውቁ ሽቦው አጠገብ ከደረሳችሁ አትሩጡ፤ ሁለቱን እግር አጣብቃችሁ፣ ከመሬት ሳታነሡ በትንሽ በትንሹ እየጎተታችሁ ውጡ። አደጋው ያለው እግርን በማራራቅ ነው፤ በሁለቱ እግሮች መካከል የሚፈጠረው የኃይል ልዩነት በሰውነት ውስጥ ያልፋል።

ሽቦ ከሌለ በስልክ ፎቶ አንሡ፦ ዛፉ የበቀለበትን ቦታ፣ የወደቀበትን አቅጣጫ፣ የሰበረውን አጥር ወይም ጣሪያ። የጎረቤት ዛፍ ግቢያችሁ ውስጥ ከወደቀ መቁረጥ ሳትጀምሩ ባለቤቱን ጥሩት። እንጨቱ የማን ነው፣ አጥሩን ማን ይሠራል የሚለው ክርክር የሚጀምረው ግንዱ ተቆርጦ ከተደረደረ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ለሽማግሌም ለቀበሌም የሚያሳዩት ነገር አይኖርም።

ውኃው መንገድ ያግኝ

ክረምት ላይ ጎንደር ዝናቡ በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ የሥራው ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ለዲቹ (ለውኃ መውረጃው ቦይ) እና ለቱቦው ስጡ። ግንዱ ሳምንት ቢተኛ የሚያመጣው ጣጣ ትንሽ ነው፤ በቅጠልና በልጥ የተደፈነ ቱቦ ግን የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ጎርፉን ወደ ቤት ያስገባል።

የምትጠርጉት ከታች ወደ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የቱቦው መውጫ፣ ቀጥሎ መግቢያው፣ ከዚያ ወደ ላይ ያለው ዲች። ከላይ ከጀመራችሁ የተለቀቀው ውኃ ቆሻሻውን ሁሉ ገፍቶ ቱቦው አፍ ላይ ያጭቀዋል። ውኃ የሚስበው ቱቦ አፍ ላይ በእጅ ወይም በእግር አትግቡ፤ ጫፉ ላይ የብረት መንጠቆ የታሰረበት 3 ሜትር አጠና ተጠቀሙ። የወጣውን ጭቃና ቅጠል ከዲቹ ጫፍ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁ፤ አጠገቡ የተቆለለ ሁሉ በመጀመሪያው ዶፍ ይመለሳል።

ወደ ቀሃም ወደ አንገረብም ወንዝ አትጣሉት። የተጣለው ቅርንጫፍ ታች ያለው ድልድይ ላይ ተጠላልፎ ውኃውን ይገድባል። ወደ አንገረብ ከሄደ ደግሞ ማረፊያው ለከተማው የመጠጥ ውኃ የሚሰጠው ግድብ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለዚያም በደለል የተቸገረ ነው።

መሣሪያና ሰው

ለአንድ መካከለኛ ዛፍ አራት ሰው ይበቃል፦ አንድ ቆራጭ፣ ሁለት ጎታች፣ አንድ ከርቀት የሚያይና ስልክ የያዘ። ደቦ ሲጠራ ሃያ ሰው ቢመጣ ቀሪውን ቅጠል ወደ መለየትና ወደ ማጓጓዝ ላኩት፤ ቆራጩ አጠገብ ሰው መብዛት የለበትም። መጥረቢያ ወይም የሞተር መጋዝ ከያዘው ሰው ሌላው 5 ሜትር ይራቅ።

የሚያስፈልገው፦ ፋስ፣ ገጀራ፣ የእጅ መጋዝ፣ ድጅኖ፣ ከጠንካራ እንጨት የተጠረቡ ሦስት አራት ሽብልቆች፣ 20 ሜትር ወፍራም ገመድ፣ ካሪዮላ ወይም ባሬላ፣ የቆዳ ጓንት፣ የዓይን መከላከያና ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ። በነጠላ ጫማ የሚሠራ ሰው ከቆርቆሮና ከሚስማር መካከል አታስገቡ።

የሞተር መጋዝ ከተከራያችሁ ጥቂት ነገር ራሳችሁ አረጋግጡ። ቤንዚኑና የሁለት ምት ሞተር ዘይቱ የሚቀላቀሉት በመሣሪያው ላይ በተጻፈው ልክ ነው፤ 50 ለ1 ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ1 ከሆነ 40 ሚሊ ሊትር። ዘይቱ ካነሰ ፒስተኑ ይነክሳል፤ ከበዛ ካንዴላው ይጠቁራል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ይህ በመካኒክ የሚስተካከል እንጂ መጋዙን በጉልበት በመጫን የሚፈታ አይደለም።

የመጋዙን ስለት ከሚጥለው ብናኝ ታውቁታላችሁ። ወፈር ያለ ፍቅፋቂ ከጣለ ስለታም ነው፤ እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ ዶልዱሟል፣ በክብ ሞረድ ይሳል። ጎርፍ ያገኘው ልጥ ውስጥ አሸዋ ስላለ ሰንሰለቱን ወዲያው ያደነዝዘዋል፤ የምትቆርጡበትን ቦታ ዙሪያውን አንድ ስንዝር ያህል በፋስ ላጡት። በመጋዙ አፍንጫ የላይኛው ግማሽ ምንም አትንኩ፤ እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ቆራጩ ፊት የሚመለሰው በዚያ ቦታ ነው። ከትከሻ በላይ አንሥታችሁም አትቁረጡ።

ቅርንጫፉ

ከግንዱ በላይ ያለውን፣ ምንም ያልተጫነውን ቅርንጫፍ መጀመሪያ አንሡ። ግንዱ ተዳፋት ላይ ከተኛ የምትቆሙት ሁልጊዜ ከላይ በኩል ነው፤ ጎንደር ደግሞ ተዳፋት ያልሆነ ግቢ ጥቂት ነው። በታችኛው ጎን ያሉትን ቅርንጫፎች ከመቁረጣችሁ በፊት ግንዱን ጭንጫ ድንጋይ አስደግፋችሁ በሽብልቅ አጥብቁት። ከሥር ያሉት ቅርንጫፎች ግንዱን እንደ እግር ስለተሸከሙት እነሱን አሁን አትንኩ፤ አንዱ ሲቆረጥ ግንዱ ይንከባለላል።

በወደቀው ግንድ ተጭኖ የጎበጠ ቀጭን ችግኝ ካለ ከሁሉም ይልቅ እሱን ፍሩ። እንደ ተገተረ ደጋን ነው፤ በአንድ ምት ከተቆረጠ ፊት ላይ ይመታል። ከጉብጠቱ ውስጠኛ ጎን፣ በጣም በጎበጠበት ቦታ ላይ ልጡንና እንጨቱን በትንሽ በትንሹ ፋቁት፤ ኃይሉ እየላላ ሲሄድ ራሱ ይታጠፋል።

ግንዱ

የወደቀ ግንድ አንድ ጎኑ ተወጥሮ፣ ሌላ ጎኑ ተጨምቆ ነው የሚተኛው። ሙያው የትኛው ጎን የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ ከተጨመቀው ጎን ጀምራችሁ የውፍረቱን ሲሶ ያህል ትገባላችሁ፤ ከተወጠረው ጎን ትጨርሳላችሁ።

አንዱ ጫፍ የድንጋይ አጥር ላይ፣ ሌላው መሬት ላይ አርፎ መካከሉ አየር ላይ የቀረ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ባሕር ዛፍ አለ እንበል። ክብደቱ መካከሉን ወደ ታች ስለሚያጎብጠው ላዩ ተጨምቋል፣ ሥሩ ተወጥሯል። ከላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ግቡ። የመጋዙን ፈለግ፣ ማለትም የቆረጠውን ክፍተት፣ እያያችሁ ሥሩ፤ ጠበብ ማለት ሲጀምር ወዲያው መጋዙን አውጡ። ከዚያ በዚያው ትይዩ ከታች ወደ ላይ ቁረጡ። ፈለጉ አሁን ይከፈታል፤ እንጨቱ ይጮኻል፤ ያኔ ፍጥነታችሁን ቀንሱና እግራችሁ ከግንዱ ሥር አለመሆኑን አረጋግጡ። ከላይ ብቻ ቀጥላችሁ ቢሆን ግንዱ መጋዙን ነክሶ ይይዘው ነበር። ከተነከሰ ሞተሩን አጥፉና ሽብልቅ በፈለጉ አስገብታችሁ ክፈቱት፤ በጉልበት አትጎትቱ።

ግንዱ አንድ ጫፉ ብቻ ተደግፎ ሌላው ጫፍ ከተንጠለጠለ ነገሩ ይገለበጣል፤ ላዩ ተወጥሯል፣ ሥሩ ተጨምቋል። ከታች ሲሶ ትገባላችሁ፣ ከላይ ትጨርሳላችሁ። ይህን ሳያዩ ከላይ የጀመሩ ሰዎች ግንዱ ሳይቆረጥ በቁመቱ ይሰነጠቅባቸዋል። ባሕር ዛፍ በዚህ የታወቀ ነው፤ ገና ቆሞ ሳለ እንጨቱ ውስጥ የታመቀ ውጥረት ስላለው ሜትር ሁለት ሜትር ድረስ ይተረተራል። ጥርጣሬ ካላችሁ የምትቆርጡበት ቦታ አጠገብ ግንዱን በሰንሰለት ዙራችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ።

ወደ ጎን የጎበጠ ግንድ ከሆነ የምትቆሙት በጉብጠቱ ውስጠኛ በኩል ነው፤ ሲለቀቅ የሚወረወረው ወደ ውጭ ነውና። ሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ደግሞ እናንተ አትሞክሩት። ከሥሩ መቁረጥም፣ ላዩ ላይ መውጣትም፣ የያዘውን ዛፍ መጣልም ሦስቱም ሰው ገድለዋል። ዙሪያውን በገመድ ከልላችሁ፣ ቲርፎር የተባለው የእጅ መጎተቻና ልምድ ያለው ባለሙያ ጥሩ።

ስለ ክብደት አትገምቱ። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 3 ሜትር ርዝመት ያለው እርጥብ ባሕር ዛፍ ወደ 100 ኪሎ ይመዝናል፤ ውፍረቱ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከ200 ኪሎ ያልፋል። ወፍራሙን በአንድ ሜትር ቆራርጣችሁ በድጅኖ አንከባሉ። በመኪና ወይም በበሬ የምትጎትቱ ከሆነ ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ፤ የናይለን ገመድ ሲበጠስ ተመልሶ ይገርፋል።

ከነሥሩ የተነቀለ

ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ከአፈር ጋር የተገነጠለው የሥር ግድግዳ ብዙ መቶ ኪሎ ሊሆን ይችላል፤ እንዳይመለስ የያዘው የግንዱ ክብደት ብቻ ነው። ግንዱ ሲቆረጥ ሥሩ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጣል፣ አንዳንዴም ወደ ቆራጩ ይወድቃል። ጉድጓዱ ውስጥ የሚጫወት ልጅ ቢኖር አይተርፍም። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት አንድ ሰው ሄዶ ጉድጓዱንና ከሥሩ ጀርባ ያለውን ቦታ በዓይኑ ይይ፤ ሥራው እስኪያልቅም እዚያ አካባቢ ሰው አያስገባ።

ሥሩን በሁለት ወፍራም አጠና ከሁለቱም ጎን ደግፉት። ቅርንጫፉንና የግንዱን ጫፍ ከሥሩ ርቃችሁ እየቆራረጣችሁ ኑ፤ ከሥሩ በኩል ግን ቢያንስ 2 ሜትር ግንድ ተዉለት። ያ ቁራጭ ሚዛን ይሆናል፤ በኋላም ገመድ ታስሮበት ሥሩ ቀስ ብሎ የሚመለስበት እጀታ ነው። የመጨረሻውን ቁርጥ የሚቆርጠው ሰው መውጫ መንገዱን አስቀድሞ ይጥረግ። ሥሩ የውኃ ቧንቧ ጠልፎ ከሆነ ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ከመጀመራችሁ በፊት ዝጉ።

ግንዱ ውስጡ ባዶ ከሆነ አፉ ላይ ንብ መኖር አለመኖሩን እዩ። ካለ ቀን አትንኩት፤ ሲመሽ ንብ አናቢ ይምጣ።

ጣሪያ ላይ የወደቀ

ቤተሰቡን አስወጡ፣ ብሬከሩን አጥፉ፤ ጣሪያ ላይ ግን ገና አትውጡ። መጀመሪያ ከውስጥ ደግፉ፦ የጎበጠው ወራጅ ወይም ካቫሌቶ (የጣሪያ ተሸካሚ እንጨት) ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቋሚ አቁማችሁ፣ ከላይም ከታችም ጣውላ አድርጋችሁ፣ በሽብልቅ እስኪጠብቅ ብቻ ምቱ። ወደ ላይ ለመመለስ አትሞክሩ፤ የተሰበረው እንጨት ሌላውን ይሰብራል። ክሪክ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ከዚያ ቀላሉን ጫፍ መሬት ላይ ቆማችሁ በገመድ እየያዛችሁ አውርዱ። ግንዱ ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነና የጭቃ ግድግዳ ላይ ካረፈ ክሬን ወይም ፓራንኮ (የሰንሰለት ማንሻ) ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል። ውኃ የጠጣ ጭቃ ቤት ጥንካሬው የሚታየው ሲደርቅ ነው፤ አዲስ ስንጥቅ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ ደርቆ እስኪመረመር ድረስ አይታደርበትም፤ እስከዚያ በሸራ ሸፍኑት።

ቆርቆሮ ላይ ስትረግጡ በሚስማሩ መስመር ላይ ርገጡ፤ ከሥሩ ሞራሌ ያለው እዚያ ነው። የተቀደደ ቆርቆሮ ሲወርድ ወደ ውስጥ ጠቅልላችሁ እሰሩት። የወደቀውን ሚስማር ከአሮጌ ስፒከር በወጣ ማግኔት ገመድ አስራችሁ ግቢውን እየጎተታችሁ ልቀሙ፤ ሚስማር የወጋው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ አጥቦ ለቲታነስ መርፌ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ያለ ፈቃድ የማይነካ

ዛፉ የወደቀው አሮጌ ግንብ ላይ ከሆነ አቁሙ። የፋሲል ግቢና ሌሎቹ የጎንደር ቅርሶች በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ የነገሥታቱ ግንቦች የተሠሩትም በድንጋይና በኖራ ነው። የዛፍ ሥር በእንዲህ ያለ ግንብ መካከል ሲያድግ ድንጋዩን ይገፋል፣ እያደር ግን ያው ሥር ድንጋዩን አቅፎ ይይዘዋል፤ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ባለው በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይህ በዓይን ይታያል። እንዲህ ያለውን ጉቶ ጎትቶ መንቀል ግንቡን ይዞ መምጣት ነው። የወደቀ ድንጋይ እንኳ ከቦታው አታንሡ፤ የት እንደወደቀ ለጠጋኙ መረጃ ነው። ፎቶ አንሥታችሁ ለቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።

በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ የወደቀ ጽድ ወይም ወይራ የደብሩ ነው፤ ቅርንጫፉንም ቢሆን ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ በፊት አትውሰዱ። ዋንዛ፣ ጽድና ዝግባ የመሳሰሉትን አገር በቀል ግንዶች በመኪና ከማጓጓዛችሁ በፊትም ከቀበሌና ከግብርና ጽሕፈት ቤት ዛፉ በንፋስ ስለመውደቁ ማረጋገጫ ያዙ፤ አለዚያ ኬላ ላይ ለማስረዳት ይከብዳል።

ከወደቀው የሚገኘው

ከመከመሩ በፊት ለዩት፤ የተደባለቀ ክምር ለምንም አይጠቅምም። ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ለማገርና ለቋሚ ይሆናል፤ ልጡን በጥቂት ቀን ውስጥ ላጡት፤ ከደረቀ በኋላ አይለቅም፤ ከልጡ ሥርም ነቀዝ ይገባል። ለማገዶ የሚሆነውንም እርጥብ ሳለ ፍለጡ፤ ባሕር ዛፍ ከደረቀ በኋላ ፋስ ይመልሳል። ፍልጡን ድንጋይ ላይ፣ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋችሁ በጣሪያ ጥላ ሥር ደርድሩ። ደህና የሚነድደው ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ መሬት ላይ የተከመረ ግን ለምስጥ ነው።

የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለምጣድ ይቀመጥ፤ ዘይት ስላለው ሲደርቅ ቶሎ ይነድዳል፣ ለዚሁም ከቤት ራቅ አድርጋችሁ ከምሩት። ኮምፖስት ውስጥ አታስገቡት፤ ቶሎ አይበሰብስም። ለኮምፖስት የዋንዛና የሌላ ለስላሳ ቅጠል ውሰዱ፦ ሜትር በሜትር ጉድጓድ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ቅጠል፣ 5 ሴንቲ ሜትር ፍግ፣ ስስ አፈር፣ እንደገና። በየወሩ ከተገለበጠ ከሦስት እስከ አራት ወር ይደርሳል።

የተረፈው ዛፍና ጉድጓዱ

ከወገቡ የተሰበረ ባሕር ዛፍ ዳግም ያቆጠቁጣል። ጉቶውን ከመሬት 10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ውኃ እንዳይቋጥር አጋድማችሁ በንጹሕ ስለት ቁረጡት። ቡቃያው ሲወጣ አትቸኩሉ፤ ንፋስ የሚችለው ከታወቀ በኋላ ሁለት ሦስቱን አስቀርታችሁ ሌላውን አንሡ። ወይራና ዋንዛም ያቆጠቁጣሉ፤ የፈረንጅ ጽድ ግን አያቆጠቁጥም፣ በሌላ ችግኝ ይተካ።

የተገነጠለ ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ይነሣል። ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ ከታች ትንሽ ግቡ፤ ከዚያ ትንሽ አለፍ ብላችሁ ከላይ ቁረጡና ክብደቱን ጣሉ፤ የቀረውን ጉራጅ ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ ያበጠውን ቀለበት ሳትነኩ አስተካክሉ። ቁስሉን ጭቃም ቀለምም አትቀቡት፤ እርጥበት ይዞ ያበሰብሰዋል።

ያጋደለ ኮክ፣ ዘይቱን ወይም ጌሾ ግንዱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቀና ይደረጋል። ሥሩ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት፤ ከሥሩ ያለውን አፈር ፈልፍላችሁ ቀና አድርጉት፤ በሦስት ካስማ በአሮጌ ካላማዳሪያ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) እሰሩት። ሽቦ ልጡን ይቆርጠዋል። ማሰሪያው ለአንድ ዓመት ይቆይ። ቆመው የቀሩትን ትልልቆች ደግሞ ከሥራቸው ዙሩ፤ አፈሩ በአንድ ጎን ከተሰነጠቀ ወይም ካበጠ ያ ዛፍ ቀጣዩ ወዳቂ ነው፤ ቤት ላይ ካጋደለ ዝናብ ሳይመጣ ባለሙያ ያውርደው።

የሥሩን ጉድጓድ በአንድ ጊዜ አትሙሉት። 20 ሴንቲ ሜትር አፈር መልሳችሁ በድጅኖ ጀርባ ደልድሉ፣ እንደገና 20፣ እንደገና ደልድሉ። ውስጡ ቅርንጫፍና ቅጠል አትቅበሩ፤ ሲበሰብስ ይሰምጣል። ላዩን ከአካባቢው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ በክረምቱ ራሱ ይወርዳል። ከቤት መሠረት 3 ሜትር ውስጥ ከሆነ ውኃው ከመሠረቱ ወደ ውጭ እንዲወርድ አጋድሉት፤ የላላው አፈር ውኃ ከቋጠረ መሠረቱን ያጠጣዋል።